ሎጎ ጥራቱን ሳያጣ እንዴት ይተልቃል፣ እንዴትስ ያንሳል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ ካፌ የሚከፍት ሰው አንዱን ሎጎ ስንት ቦታ እንደሚያውለው አስቡት። በሩ ላይ ታፔላ ይሆናል። ስኒው ላይ ይታተማል። የአስተናጋጆቹ ቲሸርት ላይ ይወጣል። የቴሌግራም ቻናሉ ላይ በክብ ይገባል። ሲሞላለት ደግሞ በስቲከር ባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ከሳቢያን መጋላ ይመላለሳል። ያው አንድ ሎጎ ስልክ ላይ አንድ ሳንቲሜትር አይሞላም፣ ታፔላው ላይ ሦስት ሜትር ይደርሳል።

ችግሩ የሚጀምረው ትእዛዙ ሲመጣ ነው። «አቦ፣ ሎጎውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፤ ባነሩን ለነገ አድርስልኝ!» ይላል ደንበኛው። ሲከፈት ወርዱ 400 ፒክሰል (ሥዕሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የሆነ ጄፔግ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሦስት ሜትር ማለት 3000 ሚሊሜትር ነው። ለ400 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ፒክሰል 7.5 ሚሊሜትር ይደርሰዋል። የበቆሎ ፍሬ የሚያህል አራት ማዕዘን ማለት ነው። ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይወጣል። ፕሮግራሙ ላለስልሰው ካለ ደግሞ ይደበዝዛል። መጀመሪያውኑ ፋይሉ ውስጥ ያልነበረ መረጃ ከየትም አይመጣም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። የሎጎ መጠን የሚቀየረው ኦሪጅናሉ ቬክተር (ቅርጹ በሒሳብ የተጻፈ ፋይል) ላይ ነው። አንዴ ከወጣ ሥዕል ላይ መጠን አይቀየርም። ለታፔላ፣ ለስኒ፣ ለስልክ እያንዳንዱ ከኦሪጅናሉ በየልኩ እንደ አዲስ ይወጣል። ይህን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

መሣሪያው ኢሉስትሬተር ቢሆን፣ ኮረልድሮው ቢሆን፣ ኢንክስኬፕ ቢሆን ለውጥ የለውም። ኢንክስኬፕ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ለሎጎ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ፎቶሾፕ ግን የሎጎ መሥሪያ አይደለም። ፎቶሾፕ ላይ የተወለደ ሎጎ ውሎ አድሮ ማስቸገሩ አይቀርም።

መጀመሪያ፦ እጃችሁ ላይ ያለው ምን እንደሆነ እወቁ

ቬክተር ማለት ቅርጹ በነጥብና በመስመር ሒሳብ የተጻፈ ፋይል ነው። ስታሳድጉት ሒሳቡ እንደገና ይሠራል፣ ጠርዙም እንደጠራ ይቆያል። የፒክሰል ሥዕል ግን የተቆጠሩ ነጥቦች ስብስብ ነው። ኤስቪጂ፣ ኤአይ፣ ኢፒኤስ፣ ሲዲአር እና ፒዲኤፍ ቬክተር የመያዝ አቅም አላቸው። ፒኤንጂና ጄፔግ የፒክሰል ናቸው።

የፋይሉን ስም አይታችሁ ግን አትመኑ። ጄፔጉን ኢሉስትሬተር ውስጥ ከትቶ «ፒዲኤፍ አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ፖስታው ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ጄፔግ ነው። ለማጣራት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፊደሉ ጠርዝ ላይ ቆማችሁ እስከቻላችሁ ድረስ ማጉላት ነው። አራት ማዕዘኖቹ ከታዩ ፒክሰል ነው። ሁለተኛው የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ በመስመር ብቻ ማየት። ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮልና ዋይ ተጫኑ። ኮረልድሮው ላይ ቪው ውስጥ ዋየርፍሬም የሚለውን ምረጡ። ኢንክስኬፕ ላይ ቪው፣ ከዚያ ዲስፕሌይ ሞድ፣ ከዚያ አውትላይን ነው። የፊደሉና የምልክቱ ቅርጽ በቀጭን መስመር ከታየ እፎይ በሉ። ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ፣ ወይም ኮረልድሮው ላይ ሥዕሉ ራሱ በአንድ ቀለም ከታየ ውስጡ የተቀመጠ ሥዕል ነው።

ቬክተሩ ከሌለስ?

እንደገና ከመሣላችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ኦሪጅናሉ የሆነ ቦታ አለ። ሎጎውን መጀመሪያ የሠራው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ይኖራል። የድሮ ቢዝነስ ካርድ ወይም ብሮሹር ያሳተመ ማተሚያ ቤት ጋ ይኖራል። ካምፓኒው ለጨረታ ያስገባው ፕሮፋይል በፒዲኤፍ ካለ እሱን ኢንክስኬፕ ውስጥ ክፈቱት። ሎጎው በቬክተር ቁጭ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ካንቫ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ለኅትመት በሚሆነው ፒዲኤፍ እንዲያወርደው ንገሩት። በነፃው ካንቫ ኤስቪጂ አይወርድም፤ ፒዲኤፉ ግን ይወርዳል፣ በቬክተር የተሠሩት ክፍሎችም እንዳሉ ይመጣሉ።

ተፈልጎ ከጠፋ ይሣላል። ፕሮግራሞቹ ሥዕልን ወደ ቬክተር የሚቀይር ትሬስ የሚባል ነገር አላቸው። ኢንክስኬፕ ላይ ፓዝ ውስጥ ትሬስ ቢትማፕ ይባላል፣ ኢሉስትሬተር ላይ ኢሜጅ ትሬስ። ትልቅና ጥርት ያለ ባለ አንድ ቀለም ሥዕል ከሰጣችሁት ደህና ይሠራል። ትንሽና የተደበዘዘ ከሰጣችሁት ግን ድብዛዜውንም ቅርጽ አድርጎ ይሥለዋል። ቀጥ ማለት ያለበት መስመር ይወላገዳል፣ ክቡ ድንች ይሆናል። ፋይሉ «ቬክተር ነው» ይባላል፣ ሲታተም ግን ያሳፍራል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ጄፔጉን ከሥር አስቀምጡ፣ አደብዝዙት፣ ቆልፉት። ከላዩ በሌላ ሌየር ላይ በእጃችሁ ሣሉ። ክቡን በክብ መሣሪያ፣ ቀጥታውን በቀጥታ መስመር፣ ጠመዝማዛውን በፔን ቱል። ነጥብ አታብዙ፤ ነጥብ በበዛ ቁጥር መስመሩ ይሻክራል። ጽሑፉን ግን በፍጹም ትሬስ አታድርጉ። ፎንቱን ፈልጋችሁ እንደገና ጻፉት። ፎንቱ ካልታወቀ ቅርብ የሆነውን አምጡና ነጥቦቹን እያስተካከላችሁ አመሳስሉት። የግዕዝ ፊደል በትሬስ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጎዱት ትንንሾቹ ቅጥያዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ፊደሉን ፊደል ያደረጉት ናቸው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ኦሪጅናሉን ሳትነኩት ቅጂውን አዘጋጁ

ኦሪጅናሉ ላይ ጽሑፉ ጽሑፍ እንደሆነ ይቆይ። ነገ ስልክ ቁጥር ወይም ስም ሊቀየር ይችላል። ለሥራ የሚወጣው ቅጂ ላይ ግን ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ ነው። ኮረልድሮው ላይ ኮንትሮልና ኪው። ኢንክስኬፕ ላይ ፓዝ ውስጥ ኦብጀክት ቱ ፓዝ የሚለው።

ይህ ለእኛ ከሌላው በላይ ያስፈልገናል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት ፕሮግራሙ በራሱ ሌላ ፎንት ይተካል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ከሆነ ፊደሉ በአብዛኛው ግዕዝ ሆኖ ይቆያል፣ መልኩ ይቀየራል፤ ተተኪው ፎንት ግዕዝ ከሌለው ግን ባዶ ሳጥን ይሆናል። በድሮው የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ከሆነ ግን የባሰ ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የጫኑ ናቸው። ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ሲከፈት የካፌው ስም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ማተሚያ ቤቱ ሌሊት የሚሠራ ከሆነና አማርኛውን ሳያይ ቢያሳትመው ባነሩ አለቀ። ወደ ቅርጽ ከተቀየረ ይህ ሁሉ አይመጣም።

መጠን ስትቀይሩ

ሦስት ነገር ያዙ።

የመጀመሪያው ወርድና ቁመቱ አብረው ይሂዱ። ኢሉስትሬተር ላይ ሺፍት ይዛችሁ፣ ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል ይዛችሁ ጎትቱ። ከሁሉ የሚሻለው ወርድና ቁመቱን የሚያያይዘውን ምልክት ቆልፎ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ታፔላው ረዘም ስላለ ሎጎውን ጎትቶ መሙላት ነውር ነው። ቦታው ከተረፈ ባዶውን ተዉት።

ሁለተኛው የመስመር ውፍረት ነው። ሎጎው ውስጥ በስትሮክ (ውፍረቱ በቁጥር በሚሰጥ መስመር) የተሠራ ነገር ካለ መጠኑ ሲቀየር ውፍረቱ አብሮ ላይቀየር ይችላል። 5 ሳንቲሜትር ላይ የሚያምር ባለ 1 ፖይንት መስመር፣ ሎጎው 3 ሜትር ሲሆን እዚያው 1 ፖይንት ላይ ከቀረ ከመንገዱ ማዶ አይታይም። ሲያንስ ደግሞ በተቃራኒው መስመሩ ወፍሮ ሁሉን ይውጣል። ኢሉስትሬተር ላይ ስኬል ስትሮክስ ኤንድ ኢፌክትስ የሚለው መበራቱን እዩ። ኮረልድሮው ላይ የአውትላይን ፔን መስኮት ውስጥ ስኬል ዊዝ ኦብጀክት የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። ኢንክስኬፕ ላይ ቀስቱን ስትመርጡ ከላይ የሚታይ ትንሽ ቁልፍ ነው። ከዚህ ሁሉ ለመገላገል ለሥራ በሚወጣው ቅጂ ላይ ስትሮኩን ራሱን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ኢሉስትሬተር ላይ አውትላይን ስትሮክ፣ ኢንክስኬፕ ላይ ስትሮክ ቱ ፓዝ፣ ኮረልድሮው ላይ ኮንቨርት አውትላይን ቱ ኦብጀክት ይባላል።

ሦስተኛው ጥላና ብርሃን የመሳሰሉ ኢፌክቶች ናቸው። ቬክተሩ ላይ ቢቀመጡም እነሱ ሲወጡ ፒክሰል ናቸው። ኢሉስትሬተር ላይ ዶክመንት ራስተር ኢፌክትስ ሴቲንግስ ውስጥ 72 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት) ላይ ከተቀመጠ ጥላው ተሰባብሮ ይታተማል። 300 አድርጉት። እኔ ግን ሎጎ ላይ ጥላ ባይኖር እመርጣለሁ። ጥላ ያለው ሎጎ ፕሎተር (ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን) አይቆርጠውም፣ ማህተም አይሆንም፣ ጥልፍም አይቀበለውም።

በጣም ትልቅ ለሆነ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። የፒዲኤፍ ገጽ በተለመደው አሠራር 200 ኢንች፣ ማለትም 5.08 ሜትር ላይ ይቆማል። ከዚያ የሚበልጥ ቢልቦርድ ሲመጣ በአንድ አሥረኛ ሥሩት። 8 ሜትሩ 80 ሳንቲሜትር ይሆናል። ፋይሉ ስም ላይ «1 ለ 10» ብላችሁ ጻፉ፣ ለማተሚያ ቤቱም በቃል ንገሩ። ቬክተር ስለሆነ አሥር እጥፍ ሲያድግ ምንም አይጎድልበትም።

ለስክሪን ማውጣት

ለስክሪን የሚወጣ ሎጎ በዲፒአይ አይለካም። የሚለካው በፒክሰል ብዛት ብቻ ነው። 640 በ640 የሆነ ፒኤንጂ 72 ዲፒአይ ቢባል፣ 300 ዲፒአይ ቢባል ስልኩ ላይ አንድ ነው። ስለዚህ የሚሄድበትን ቦታ ልክ ጠይቁ፣ በዚያ ልክ አውጡ።

ቴሌግራም ላይ ለፕሮፋይል 640 በ640 ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ክቡን ነው። ሥዕሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ይገባል፣ የሚታየው ግን በክብ ተቆርጦ ነው። ሎጎው አራት ማዕዘን ከሆነ ማዕዘኖቹ እንዳይቆረጡ ከ450 በ450 ፒክሰል ውስጥ ይሁን፣ ዙሪያው ባዶ ይቅር። ለዩቲዩብ ቻናል 800 በ800 ነው። ለድረ ገጽ የትር ምልክት 16፣ 32 እና 48 ፒክሰል ይወጣል።

ድረ ገጹ ራስጌ ላይ የሚገባው ሎጎ ከተቻለ በኤስቪጂ ይሁን። በየትኛውም ስክሪን ይጠራል፣ ፋይሉም ቀላል ነው። በፒኤንጂ ግድ ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ አውጡት። 200 ፒክሰል ቦታ ላይ የሚታይ ሎጎ 400 ወይም 600 ሆኖ ይውጣ፤ የአሁን ስልኮች በአንዱ ፒክሰል ቦታ ሁለትና ሦስት ነጥብ ስላላቸው።

ለሎጎ ጄፔግ አትጠቀሙ። ምክንያቱ ይህ ነው። ጄፔግ ሥዕሉን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ ይጨምቀዋል። ለፎቶ ጥሩ ነው፤ የሰው ፊትና ሰማይ ቀስ እያለ ስለሚቀየር ጉዳቱ አይታይም። ሎጎ ግን ከጥቁር ወደ ነጭ በአንድ ጊዜ የሚዘል ጠርዝ ነው። በዚያ ጠርዝ ዙሪያ የአቧራ ዓይነት ነገር ይበተናል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የቀለሙን መረጃ ከብርሃኑ ባነሰ ዝርዝር ያስቀምጠዋል። ነጭ ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ጄፔግ ሲሆን ቀይነቱ ወደ ውጪ የሚፈሰው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ተከፍቶ በተቀመጠ ቁጥር እንደገና ይጎዳል። ፒኤንጂ ምንም ሳይጥል ይጨምቃል፣ ባክግራውንድ አልባነትንም ይይዛል።

ኢንክስኬፕ ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። ሎጎውን ምረጡ። ፋይል፣ ከዚያ ኤክስፖርት ክፈቱ። ሰሌክሽን የሚለውን ንኩ፤ ያኔ የሚወጣው ከነገጹ ሳይሆን ሎጎው ብቻ ነው። የወርዱን ፒክሰል ጻፉ። ፒኤንጂ ምረጡ፣ አውጡ። ኢሉስትሬተር ላይ ኤክስፖርት ፎር ስክሪንስ ብዙ መጠን በአንዴ ያወጣል። እዚያው ውስጥ አንቲ ኤሊያሲንግ (ጠርዝ ማለስለሻ) የሚል አለ፤ ምልክት ለበዛበት ሎጎ አርት ኦፕቲማይዝድ፣ ትንንሽ ጽሑፍ ለበዛበት ታይፕ ኦፕቲማይዝድ ሞክሩና በዓይናችሁ አወዳድሩ።

አሁን ወደ ጥቃቅኑ እንግባ። ድሬ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ነው። ታዲያ ባቡርና ሐዲድ ያለበት ሎጎ ሞልቷል። ሐዲዱ ሁለት ቀጭን አግድም መስመር ነው እንበል። ሎጎው ሲያንስ መስመሩ አንድ ፒክሰል ውፍረት ይሆናል። መስመሩ ልክ በአንድ ፒክሰል ረድፍ ላይ ካረፈ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በሁለት ረድፍ መካከል ካረፈ ግን ኮምፒውተሩ ግማሽ ፒክሰል ማቅለም ስለማይችል ሁለቱንም ረድፍ ግራጫ ያደርጋቸዋል። ያው ሐዲድ ወፍራምና ደብዛዛ ሆነ ማለት ነው። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ ሰነዱን በፒክሰል መለኪያ ማድረግ፣ ሎጎውን በሚወጣበት መጠን ልክ መቀነስ፣ ከዚያ ቀጥ ያሉትን መስመሮች ቦታና ውፍረት ወደ ሙሉ ቁጥር ማምጣት ነው። 12.37 የሚለውን 12 አድርጉት። ኢሉስትሬተር ላይ ስናፕ ቱ ፒክሰል ይረዳል። ይህን ለ3 ሜትር ታፔላ ማድረግ ከንቱ ድካም ነው። ለ48 ፒክሰል ግን የሞት ሽረት ነው።

ሲያንስ የሚጠፋው ምንድነው?

ስለ ማሳደግ ብዙ ይወራል። ከልብ የምጨነቀው ግን ስለ ማሳነስ ነው። ቬክተር እንኳ ቢሆን ሲያንስ የሚጠፋ ነገር አለ።

የሐረር ቡና የሚሸጥ ቤት ሎጎ አስቡ። መሃል ላይ ጀበና፣ ዙሪያውን የሐረሪ ስፌት ጥለት ያለበት ቀለበት፣ ከሥር «የሐረር ቡና» የሚል ጽሑፍ። ከረጢቱ ላይ 15 ሳንቲሜትር ሆኖ ሲታተም ዓይን ይስባል። ይህንኑ 48 ፒክሰል አድርጋችሁ አውጡትና እዩት። የስፌቱ ጥለት ቡናማ ጭረት ይሆናል። የጀበናው እጀታና ሆዱ መካከል ያለችው ቀዳዳ ትደፈናለች፤ ጀበናው ድንጋይ ይመስላል። ጽሑፉስ? ስድስት ፊደልና አንድ ክፍተት በ48 ፒክሰል ውስጥ ለእያንዳንዱ ፊደል 7 ፒክሰል ቢደርሰው ነው። የ«ቡ» ቅጥያ ያኔ አንድ ፒክሰል ላይ ትወድቃለች፣ እሷም ግራጫ ሆና። «ቡና» የሚለው «በና» ሆነ። የካዕብ ቅጥያ፣ የኃምስ ቀለበት፣ የሳድስ ስብራት፣ ሁሉም እንዲህ ይሄዳሉ። ላቲን ሲደበዝዝ አንባቢው ገምቶ ይሞላዋል። የእኛ ፊደል ሲደበዝዝ ሌላ ፊደል ይሆናል።

ስለዚህ ለአንድ ሎጎ ሦስት ቅጂ አዘጋጁ። ሙሉው ለታፔላ፣ ለባነርና ለከረጢት ነው። መካከለኛው ለቢዝነስ ካርድና ለፕሮፋይል፤ የስፌቱ ጥለት ከ24 ቅርጽ ወደ 8 ዝቅ ይላል፣ መስመሮቹ ይወፍራሉ። ትንሹ ለድረ ገጽ ምልክትና ለማህተም መሃል፤ ቀለበቱም ጽሑፉም ይወገዳሉ፣ ጀበናው ብቻውን ይቀራል። የእጀታውን ቀዳዳ ደግሞ ነጥቦቹን ይዛችሁ ከተፈጥሮው በላይ ክፈቱት። ትልቅ ሆኖ ሲታይ የተጋነነ ይመስላል። 32 ፒክሰል ላይ ግን ጀበና የሚያስመስለው ያ ቀዳዳ ነው።

ጽሑፉ የግድ መኖር ካለበት ወፈር ያለውን ሳይሆን መካከለኛ ውፍረት ያለውን ፎንት ምረጡ። በጣም ወፍራም የግዕዝ ፎንት ውስጡ ቶሎ ይደፈናል፤ «ጨ»ና «ሠ» እግራቸው ይጋጠማል። በፊደልና በፊደል መካከልም ትንሽ አየር ጨምሩ። ድሬ ላይ ታፔላው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሲጻፍ ሦስቱንም አንድ ቁመት መስጠት ፍትሕ ይመስላል። በዓይን ሲታይ ግን አማርኛው ቀድሞ ይጠፋል። ቁመቱን ከላቲኑ ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ያኔ ይተካከላሉ።

ለኅትመት

ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው ቬክተር ፒዲኤፍ ነው፤ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ፣ ዙሪያው 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫ ተጨምሮ። ማተሚያ ቤቱ ግድ ፒክሰል ካለ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ሳንቲሜትሩን ለ2.54 አካፍሉ፣ በ300 አባዙ። 5 ሳንቲሜትር ሎጎ 591 ፒክሰል ያስፈልገዋል፣ 10 ሳንቲሜትር 1181። የትንሽ ሥዕል ዲፒአይ ላይ 72 የሚለውን 300 ብሎ መጻፍ ግን ምንም አይጨምርም። ፒክሰሉ ያው ነው፣ የሚታተምበት ቦታ ብቻ ያንሳል። ለባነር ራቅ ተብሎ ስለሚታይ ፎቶው በትክክለኛ መጠኑ ከ72 እስከ 100 ዲፒአይ ቢኖረው ይበቃዋል። ሎጎው ግን እዚያም ቬክተር ሆኖ ይሂድ።

ጥቁር ጽሑፍ ላይ ተጠንቀቁ። አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ጥቁር ወደ ሲኤምዋይኬ (የኅትመት አራቱ ቀለሞች) ሲቀየር የአራት ቀለም ድብልቅ ይሆናል። ማሽኑ ላይ ከአራቱ አንዱ በትንሹ ከተንሸራተተ የትንንሾቹ ፊደላት ጠርዝ ላይ ሌላ ቀለም ብቅ ይላል። ፋይሉ የጠራ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ደብዛዛ ነው። ለጽሑፍ የሚሆነው ጥቁር ከአራቱ ጥቁሩ ብቻ 100 ፐርሰንት፣ ሌሎቹ ዜሮ ነው።

ስቲከር በፕሎተር ሲቆረጥ ቢላዋው የሚከተለው መስመሩን ብቻ ነው። ሁለት ቅርጽ ተደራርበው ከሆነ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል፣ ፊደሉ መሃሉ ተሰንጥቆ ይወጣል። ከመላካችሁ በፊት አንድ አድርጓቸው፤ ኮረልድሮው ላይ ዌልድ፣ ኢሉስትሬተር ላይ ዩናይት፣ ኢንክስኬፕ ላይ ዩኒየን ነው። በጣም ቀጫጭኑን አስወግዱ፣ ሲላጥ አብሮ ይነሣል። ለጥልፍም እንዲሁ ነው። የተለመደው የማሽን ክር ወደ 0.4 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነ መስመር መልክ አይኖረውም። ለኮፍያና ለኪስ መካከለኛውን ወይም ትንሹን ቅጂ ስጡ።

ስትልኩ

የለፋችሁበት ሁሉ እዚህ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ቴሌግራም ላይ ሥዕልን እንደ ፎቶ ስትልኩ ያሳንሰዋል፣ ወደ ጄፔግም ይለውጠዋል። ባክግራውንድ አልባው ሎጎ ባክግራውንድ ያበቅላል። ክሊፑን ነክታችሁ ፋይል በሚለው ላኩ። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ኮምፕረስ ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሡ። ዋትስአፕ ላይ ዶክመንት በሚለው ነው። ለደንበኛው ስታስረክቡ አንድ ዚፕ ፎልደር ስጡት፤ ኦሪጅናሉ፣ ፒዲኤፉ፣ ኤስቪጂው፣ ሦስቱም ቅጂ በፒኤንጂ፣ ነጭ ላይ የሚሆነውና ጥቁር ላይ የሚሆነው ተለይቶ። የፋይሉ ስም መጠኑን ይናገር። ሎጎ ሠርቶ ኦሪጅናሉን መከልከል ልክ አይደለም፤ ሰውየው የከፈለበት ንብረቱ ነው።

ጄፔግ ብቻ ካለና ጊዜ ከሌለ

ማሳነስ ይቻላል። ካላችሁ ሁሉ ትልቁን ምረጡና በአንድ ጊዜ ወደሚፈለገው መጠን ዝቅ አድርጉት። እየደጋገሙ ትንሽ በትንሽ ማሳነስ በየዙሩ ያደበዝዛል። ጂምፕ ላይ ስኬል ኢሜጅ ውስጥ ኪዩቢክ ወይም ኖሄሎ፣ ፎቶሾፕ ላይ ባይኪዩቢክ ሻርፐር ምረጡ። በኋላ አንሻርፕ ማስክን (ጠርዝ ማጥሪያውን) በትንሹ ጨምሩ፣ ራዲየሱ ከግማሽ ፒክሰል አይለፍ። ጠርዙ ዙሪያ ነጭ ጥላ ካያችሁ አብዝታችኋል።

ማሳደግ ግን አይሆንም። ሥዕል አሳድገን እናጠራለን የሚሉት አዳዲስ ፕሮግራሞችም የጎደለውን የሚሞሉት በግምት ነው። ለፎቶ ያስኬዳል። የተደበዘዘ የግዕዝ ፊደል ሲያገኙ ግን ፊደል የሚመስል ፊደል ያልሆነ ነገር ሠርተው ያወጣሉ። ለደንበኛው እውነቱን ንገሩት፤ ባነሩ በአንድ ቀን ይዘገያል፣ ሎጎው እንደገና ይሣላል። በዚያው ኦሪጅናል ይኖረዋል።

ከማስረከብ በፊት

ስክሪን ላይ አጉልቶ ማየት አይበቃም። ለቢዝነስ ካርድ ከሆነ ወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ አትሙት፤ ፕሪንተሩ ላይ ፊት ቱ ፔጅ የሚለውን አጥፍታችሁ 100 ፐርሰንት አድርጉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት። ለታፔላና ለባነር ደግሞ ከሎጎው በጣም የሚያስፈራችሁን ክፍል፣ ትንሹን ጽሑፍ ወይም የስፌቱን ጥለት፣ በሚታተምበት ትክክለኛ መጠን ኤ4 ላይ ቆርጣችሁ አውጡ። ግድግዳ ላይ ለጥፉትና መንገደኛው በሚያይበት ርቀት ላይ ቆማችሁ እዩት። ለስልክ የወጣውን በራሳችሁ ስልክ ሳይሆን ስክሪኑ አነስ ባለ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። ሎጎውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ሰጥታችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አድርጉ። «በና» ካለ ወደ መካከለኛው ቅጂ ተመለሱ፣ ቅጥያዋን አወፍሩ፣ እንደገና አውጡ።